ስኳር ትቼ ቴምር ይዣለሁ፤ የደም ስኳሬ ለምን አልወረደም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። «የተፈጥሮ ነውና አይጎዳሽም» ስለተባልኩ ሻዬን ያለ ስኳር፣ በቴምር እጠጣለሁ። በቀን እስከ ስምንት ፍሬ እበላለሁ። ምርመራዬ ግን ያው ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻዩን ያለ ስኳር መልመድዎ ትልቅ ነገር ነው፣ እንዳይመለሱበት። የጎዳዎት የቴምሩ ብዛት ነው። መጁል የሚባለው ትልቁ ቴምር ዘሩ ወጥቶ 24 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ 16 ግራሙ ስኳር ነው። የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ስለሆነ አንዱ ቴምር የአራት ማንኪያ ያህል ነው፤ ስምንቱ 32 ማንኪያ ይሆናል። የሚበሉት ትንሹንና ደረቁን ከሆነ በፍሬ ከ4 እስከ 5 ግራም ስኳር አለው፤ ስምንቱ ወደ ዘጠኝ ማንኪያ ይጠጋል። እሱም ቢሆን ለእርስዎ ብዙ ነው።

ዘቢብም ከዚህ አይለይም። ወይኑ ሲደርቅ የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ 100 ግራም ትኩስ ወይን 15 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው፣ 100 ግራም ዘቢብ ወደ 60 ግራም ይይዛል። የደረቀ ፓፓያና አናናስ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስኳር ይጨመርበታልና ማሸጊያውን ያንብቡ።

ቴምር ከስኳር የሚሻለው ፋይበርና ፖታሲየም ስላለው ነው። ሙሉውን ሲያኝኩት ፋይበሩ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ተጣርቶ ሽሮፕ ከሆነ ግን ፋይበሩ ይቀራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሽሮፕንና ማርን ከተራ ስኳር ጋር ነው የሚቆጥራቸው። ስለዚህ «የቴምር ማር» ገዝተው ሻይ ውስጥ አይጨምሩ።

ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ ያጣፍጡት። ቴምር ካማረዎት በቀን አንድ ትልቅ ወይም ሁለት ትንንሽ፣ ከምግብ ጋር ወይም ከጥቂት ለውዝ ጋር ይብሉ፤ ባዶ ሆድ አይሁን። ለሦስት ቀን ከመብላትዎ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩና ይጻፉ። ሁለተኛው ልኬት ከ180 ሚ.ግ/ዴ.ሊ. ካለፈ ያቺንም ይቀንሱ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አይጨምሩ፣ አያቁሙም፤ የጻፉትን ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ለቤተሰቡ ኬክ ወይም ገንፎ ማጣፈጫ፦ 200 ግራም ዘሩ የወጣለት ቴምር በ120 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፈው ከነውኃው ይፍጩ። ውኃው ከተደፋ የሟሟው ጣዕም አብሮ ይሄዳል። ኬክ ላይ በስኳር ፋንታ ሲገባ ሊጡ ስለሚረጥብ ወተቱን ይቀንሱ። በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ይቆያል። አንድ የሾርባ ማንኪያ 8 ግራም ያህል ስኳር አለውና ለእርስዎ ድርሻ እንደ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይቁጠሩት።

ኩላሊትዎ ተዳክሟል ተብለው ከሆነ ፖታሲየሙ ሊከማችብዎ ስለሚችል ቴምርና ዘቢብ ከመብላትዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ አንባቢዎችም፣ ስኳር ወርዶ ሲያንቀጠቅጣችሁ ቴምር አትጠብቁ፤ ፋይበሩ ያዘገየዋል። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ካልተነሣ ድገሙት።