ለእጮኛህ ቤተሰቦች የሚሆን የሳይንስ ወሬ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የእጮኛህ ቤተሰቦች ለገና ጠርተውሃል፣ ፖለቲካ እንዳይነሳ ፈርተሃል፣ ሰው የሚገርመው አዲስ የሳይንስ ነገር ይዘህ ልትሄድ ፈልገሃል። እኔ በዚሁ ጉዳይ ተቃጥያለሁና ትንሽ ረዘም ላድርግልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው።

1. ከአገር ቤት ጀምር። ስለ ጋላክሲ ብታወራ "አቤት የፈጣሪ ሥራ" ብለው ወደ ዶሮ ወጡ ይመለሳሉ። አፋር ስትል ግን ሁሉም ጆሮ ይሰጥሃል። በኅዳር 2025 እዚያ ያለው ሃይሊ ጉቢ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ደርሶ በረራ አሰረዘ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ከ130 በላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን መርምረው፣ ከአፋር ሥር ያለው ትኩስ ነገር ዝም ብሎ ሳይሆን እንደ ልብ ትርታ እየመታ ወደ ላይ እንደሚወጣ ጻፉ። ይህ ብቻውን አንድ ቡና ያስጨርሳል።

2. ቁጥሩን ሳትይዝ አፍህን አትክፈት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። 2025 ሲገባ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማን እንደነበር ታስታውሳለህ። አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። "አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው፣ መሃሉ ላይ አዲስ ውቅያኖስ ይገባል" አልኩ። ሁሉም ፈዞ አዳመጠኝ፣ ደስ አለኝ። የስንት ዓመት ነገር እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

በዚያው ሌሊት ቤቱ ተወዛወዘ። አክስቴ የቤቱን ካርታ፣ ወርቋንና የስኳር መድኃኒቷን በፌስታል ቋጥራ በጋቢ ወረደች። እሷ የገባት ባሕሩ መጣ ተብሎ ነው። አሥራ አንድ ሌሊት የጎረቤት መኪና ውስጥ አደረች፣ በዚያ ብርድ። ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኛች። ያ ወሬ ከኔ አፍ ነው የወጣው፣ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በአማርኛ የተጻፈ አጭር ማብራሪያ ባገኝላት ብዬ ነገሩ ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል "ከየትኛው ሚዲያ ነሽ?" አለኝ። ለአክስቴ ነው አልኩት። "ደብዳቤ አምጪ" አለኝ። የማንን ደብዳቤ? የአክስቴን? ሕዝብ ሜዳ ላይ እያደረ አንድ ገጽ ወረቀት ለመስጠት ደብዳቤ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ጂኦሎጂ የተማረ የሰፈራችን ልጅ አስረዳኝ። በዋናው ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ወገን የሚራራቁት በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥፍራችን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ውቅያኖሱ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው። ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሁለት የክብሪት እንጨቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። "ዓመት ሙሉ የሚከፈተው የነዚህን ውፍረት ቢያክል ነው" አልኳት። በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ "ይህችን ነው እንዴ?" አለች። መንቀጥቀጡ አደጋ የለውም አላልኳትም፣ አለው። ባሕሩ ግን ነገ አይመጣም። ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ቤቷ ገባች። ይህን በማስረዳቴ እኮራለሁ፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነበር እኮ።

3. የዚህን ሳምንት ወሬ ተወው። ሐምሌ 2023 ኮሪያ ውስጥ ኤልኬ-99 የሚባል ኤሌክትሪክ በክፍል ሙቀት ያለ ምንም ብክነት የሚያስተላልፍ ነገር ተሠራ ተባለ። እኔም አወራሁት። ወር ሳይሞላ የሌሎች አገር ላብራቶሪዎች ሞክረው አጡት። ኤሌክትሪሻኑ የእህቴ ባል ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር ያነሳብኛል። ይልቅ ሌላ ሰውም ለክቶ ያረጋገጠውን ነገር ንገራቸው። ናሳ በመስከረም 2022 ዲሞርፎስ ከምትባል ትንሽ የጠፈር ዐለት ጋር ሆን ብሎ መንኮራኩር አጋጨ። አጠገቧ ያለውን ትልቁን ዐለት በ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ትዞር የነበረችው፣ 32 ደቂቃ ቀነሰች። ይህ ምድር ላይ ባሉ ቴሌስኮፖች ተለክቷል። የእጮኛህ እናት ነርስ ናቸው ካልክ ሌናካፓቪርን አንሳ፣ ከኤችአይቪ የሚከላከል በዓመት ሁለቴ የሚወጋ መርፌ ነው። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ ከወሰዱት ከ2,000 በላይ ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም፣ ውጤቱ በ2024 ነው የወጣው። ክትባት እንዳትለው ብቻ፣ መድኃኒት ነው፣ ነርስ ፊት ትዋረዳለህ።

4. ለመጨረሻ የምታስቀምጠው የእግሩን ታሪክ ነው። በ2009 የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን አፋር ወራንሶ ሚሌ ላይ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያለው የእግር አጥንት አገኘ። አውራ ጣቱ እንደ እጅ አውራ ጣት ቅርንጫፍ የሚይዝ ነው፣ የሉሲ ዘመዶች እግር እንደዚያ አይደለም። የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ዓመታት ቆየ። በኅዳር 2025 ተመራማሪዎቹ ባለቤቱን ለዩት፣ አውስትራሎፒተከስ ደይረመዳ የሚባል ሌላ የጥንት የሰው ዘር ዝርያ ነው አሉ። የሉሲ ወገኖች በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ጎረቤት ነበራቸው ማለት ነው።

ደይረመዳ የአፋርኛ ቃል ነው፣ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ፍቺውን ቶሎ አትናገር። መጀመሪያ አባቷን "ምን ማለት ይመስልዎታል?" ብለህ ጠይቃቸው።