ካሜራው ተዘግቶ ምን ያያል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ መምህር፣ ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ካሜራዎቹ እንደተዘጉ ለሰዓታት ምስል የሚቀርጽበት ጊዜ እንዳለ አነበብኩ። ያን ያህል ተደክሞበት ጠፈር የወጣ መሣሪያ በር ዘግቶ መቀመጡ ጊዜ ማባከን አይሆንም? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

መልስ፦ አይሆንም ልጄ። ለብዙ ዓመታት የጨረር ቆጠራ በቤተ ሙከራ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ናሙና ከማስቀመጣቸው በፊት ቆጣሪውን ባዶውን አብርተው ግማሽ ሰዓት እንዲጠብቁ አስገድዳቸው ነበር። ናሙና ባይኖርም ቆጣሪው ዝም አይልም። ያንን ቁጥር ሳይመዘግብ የመጣ ተማሪ ሥራውን ከመጀመሪያው ይደግማል። ብዙዎቹ አኩርፈውብኛል፤ ዛሬም ባስተምር ግን ደንቡን አልለውጠውም።

የጠፈሩም ጉዳይ ይኸው ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1999 ያመጠቀው ይህ ቴሌስኮፕ ሦስት የኤክስሬይ ካሜራዎች አሉት። በእያንዳንዳቸው ፊት ማጣሪያዎች የተደረደሩበት ተሽከርካሪ ጎማ አለ። ከጎማው ቦታዎች አንዱ በአሉሚኒየም የተደፈነ ነው፤ የሰማይ ኤክስሬይ አያሳልፍም። ከሩቅ የሚመጡ ኃይለኛ ቅንጣቶች ግን የካሜራውን አካል ሰንጥቀው ይገባሉ፤ የገዛ ብረቶቹንም እየመቱ ኤክስሬይ እንዲያወጡ ያደርጓቸዋል። በጋላክሲ ክምችቶች ዳርቻ ያለውን ስስ ትኩስ ጋዝ የሚያጠና ሰው ከሚቆጥረው ውስጥ ብዙው ይህ የካሜራው የራሱ ድምር ነው። ተዘግቶ ካልተለካ በምን ይቀነሳል?

ሌላም የጎማው ቦታ አለ። እዚያ ላይ ብረት-55 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ካሜራውን ያበራለታል። ብረት-55 ወደ ማንጋኒዝ ሲለወጥ 5.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ይለቃል፤ እያንዳንዱም የካሜራው ጨረር ተቀባይ በሆነው ሲሊከን ውስጥ 1,600 ያህል ኤሌክትሮኖችን ነፃ ያወጣል። ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ የምስል ነጥብ ወደ ሌላው እየተላለፉ እስኪቆጠሩ ድረስ ጨረር ባቆሰለው ሲሊከን ላይ አንዳንዶቹ ይጠመዳሉ። 5.9 መሆኑ የታወቀው ዝቅ ብሎ ከተነበበ የጉዳቱ መጠን ታወቀ ማለት ነው።

ቻንድራ የተባለው የአሜሪካ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ደግሞ ስለ ጊዜ ላነሳሽው ጥያቄ የተሻለ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከመጠቀ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምድር የጨረር ቀበቶዎች ሲያልፍ ፕሮቶኖች በመስተዋቶቹ እየተነጠሩ የአንዱን ካሜራ ሲሊከን ጎዱት። ከዚያ ወዲህ ቀበቶው ሲቃረብ ካሜራው ከመስተዋቶቹ ትኩረት ወደ ጎን ይሸሻል፤ በሚሸሸግበትም ቦታ የብረት-55 ምንጭ ይጠብቀዋል። ሰማይ ማየት በማይቻልበት ሰዓት ልኬቱ ይከናወናል። ይህን ያሰቡትን መሐንዲሶች ከልቤ አደንቃለሁ።

ችግሩ ብረት-55 ራሱ ያልቃል፤ በየ2.7 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ25 ዓመት ውስጥ ከ500 አንድ እጅ እንኳ አይቀረውም። እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ከኤክስኤምኤም-ኒውተን ካሜራዎች አንዱ፣ ፒኤን የተባለው፣ ከሲሊከኑ ጀርባ መዳብ ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለው። ቅንጣቶች ሲመቱት መዳቡ 8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ የራሱን መስመር፣ ማለትም ጉልበቱ የታወቀ ኤክስሬይ፣ ያወጣል። ይህ መስመር ሊቀነስ የሚገባው ጉድፍ ነበር። መዳብ ግን አያረጅም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ያንኑ ጉድፍ የጉልበት መለኪያ አደረጉት።

ተዘግተው የተቀረጹት ምስሎች በኤጀንሲው ገጽ ለማንም ክፍት ናቸው። የፒኤንን አውርጂና በ8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለውን ብቻ ለይተሽ ሣዪው። ዙሪያው ደምቆ መሐሉ ይጠቁርብሻል፤ ሰሌዳው መሐሉ ላይ ስለተቆረጠ እዚያ መዳብ የለም።