መልስ፦ ኮዬ ፈጬ ሆኖ አማተር ሬዲዮ መጀመር

ሰላም ወንድሜ። አማተር ሬዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎት፣ ፈቃድ አውጥቶ በራስ ሬዲዮ ከሌሎች ጋር መነጋገር ነው። «ፈቃድ ከየት ይወጣል? እስከዚያው ዎኪቶኪ ገዝቼ ከኮንዶሚኒየሜ ብሞክርስ?» ላልከው፣ ዎኪቶኪውን ለጊዜው ተወው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሕግ መጣስ ነው፣ ጣጣው አይቻልም።

ፈቃዱ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው (አዋጅ 1148/2011)። ማመልከቻ ይዘህ ከመሮጥህ በፊት ግን 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ብቅ በል። የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ የክለብ ጣቢያ፣ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ፣ መቀመጫው እዚያ ነው። መንገዱን ያለፈበት ሰው የሚነግርህ ከየትኛውም ጽሑፍ ይበልጣል።

እስከዚያ አዳምጥ። የአጭር ሞገድ መቀበያ ስትገዛ ኤስኤስቢ (አማተሮች ለንግግር የሚጠቀሙበት የማሰራጫ ዘዴ) መቀበሉን አረጋግጥ፤ ያለሱ የአማተሮቹ ንግግር የታፈነ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ቀን 14 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ሲመሽ ወደ 7 ውረድ።

አንቴናው ቀላል ነው። 143ን ለሜጋኸርዙ ስታካፍል የሽቦው ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ይወጣል፤ ለ14.2 ወደ 10 ሜትር ይመጣል። ተራ የመብራት ሽቦ መሃሉ ላይ ቆርጠህ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ሜትር ትዘረጋለህ፣ ከመሃል ወደ መቀበያው ኬብል ታወርዳለህ። ከመብራት መስመር ግን ራቅ! ለገጣፎ ወይም ሰበታ ግቢ ያላቸው ሁለት አጣና ተክለው ይገላገላሉ፣ የእናንተ ችግር ጣሪያው ነው። ጩኸት ከበዛብህ ቻርጀሮችንና የኤልኢዲ አምፖሎችን አንድ በአንድ እየነቀልክ ሞክር፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ርካሽ ቻርጀር ነው።

ለመሆኑ ስንተኛ ፎቅ ነህ? ኮሚቴው ጣሪያ ላይ መውጣት ይፈቅዳል?