ከወተቱ በፊት ሙቀቱ፦ እናት አልባ የድመት ግልገሎችን ስለማሳደግ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን ውስጥ የወለደች ድመት መኪና ገጭቷት ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት ግልገሎች ትታለች፤ በአንደኛው ሆድ ላይ የደረቀ እትብት አሁንም አለ። የላም ወተት አሙቄ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየሰጠኋቸው ቆየሁ። ትናንት ሌሊት ከሁሉም የምታንሰው ግልገል ሰውነቷ ቀዝቅዞና ድምፅዋ ጠፍቶ ስላገኘኋት ጉልበት እንድታገኝ ብዬ ቶሎ ወተት ሰጠኋት። ወተቱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ፤ ሲነጋም ሞታ አገኘኋት። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ተቅማጥ ይዞታል። ጥፋቴ ምን ነበር? የቀሩትንስ እንዴት ላትርፋቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ራስዎን ከመውቀስ እንዲቆጠቡ እጠይቃለሁ፤ የተዳከመ ግልገል ያየ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ወተት ነው የሚሄደው። ነገር ግን ለቀሩት ሦስቱ ስለሚጠቅም እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ትንሿን የጎዳት ረሃቡ ብቻ አይመስለኝም፤ ብርዱና በብርዱ ላይ የተጨመረው ወተት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያለ የድመት ግልገል ሲበርደው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከእናቱ ሆድና ከወንድሞቹ ገላ ነው። የትልቅ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ የእነዚህ ጨቅላዎች ግን ከ35 እስከ 37 ቢሆን ጤናማ ነው። ከ35 በታች በወረደ ጊዜ አንጀታቸው መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ የመጥባትና የመዋጥ ኃይላቸውም ይዝላል። በዚያ ሁኔታ የተሰጠ ወተት ወይ ሳይፈጭ በሆዳቸው ይቀመጣል፣ ወይም በተሳሳተው ቧንቧ ወርዶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በአፍንጫ የወጣው ወተት የሚነግረን ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሕግ ይያዙልኝ፦ የቀዘቀዘ ግልገል አይመገብም፤ መጀመሪያ ይሞቃል።

ማሞቁም ቢሆን በጥድፊያ አይሆንም። የቀዘቀዘውን ግልገል ከልብስዎ ሥር ከቆዳዎ ጋር አስጠግተው አንድ ሰዓት ያህል፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ይያዙት። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ወይም ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ከብርዱ ያላነሰ ጉዳት ያመጣል። እየሞቀ ሳለ በጣም ከዛለ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ከሟሟ ስኳር ጠብታ ያህል ድዱ ላይ መቀባት የደም ስኳሩን ከመውደቅ ያግዘዋል፤ አፉ ውስጥ ግን አያፍስሱበት። መኖሪያቸውን በተመለከተ ግድግዳው ከፍ ያለ ካርቶን ይበቃል፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው በአንድ ወገን ያስቀምጡና ሌላውን ወገን ባዶ ይተዉት፤ ሲሞቃቸው ሸሽተው የሚሄዱበት ስፍራ ያስፈልጋቸዋልና። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያርፉበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ በአራተኛው ሳምንት ወደ 24 ያድርሱት። የሚጮኹና እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ተበታትነው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ደግሞ በዝቶባቸዋል። ጠርሙሱ በቀዘቀዘ ጊዜ ሙቀታቸውን መልሶ ስለሚወስድ ሌሊትም ቢሆን መቀየሩን አይርሱ።

ወደ ወተቱ እንምጣ። የላም ወተት ለጥጃ እንጂ ለድመት አልተሠራም። ከድመት ወተት ጋር ሲነጻጸር ፕሮቲኑም ስቡም ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ድመት ለልቧና ለዓይኗ የግድ የምትፈልገው ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገርም በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። ከሚሰጠው ኃይል አንጻር ሲታይ ደግሞ የወተት ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጥ ያመጣል። የግልገልዎ ተቅማጥ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ለድመት ግልገሎች ተብሎ የተዘጋጀ ምትክ ወተት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ወይም ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ያግኙ፤ የአንድ ሌሊት መዘግየት እንኳ ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ለሰው ሕፃናት የተሠራው የዱቄት ወተት ምትክ አይሆንም። ዱቄቱን በጥቅሉ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ይበጥብጡ፤ ያቀጠኑት ወተት ያስርባል፣ ያወፈሩት ያደርቃል ወይም ያስቀምጣል። የተበጠበጠው በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሲሰጡም በሌላ ዕቃ ውስጥ ባለ ሙቅ ውሃ አሙቀው በክንድዎ ላይ ጠብታ በማድረግ ለብ ያለ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 38 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል።

መጠኑን በግምት አይተዉት። 100 ግራም የሚመዝን ግልገል በቀን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይበቃዋል። ይህን ለ8 ጊዜ ቢያካፍሉት በአንድ ጊዜ 2.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ሆዱ በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር ብዙ አይዝምና ከዚህ በላይ አይጫኑት። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ ሌሊትንም ጨምሮ ይመገባሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት በየ4 ሰዓቱ ያህል ይሆናል፤ በአራተኛው ደግሞ እርስዎም መተኛት ይጀምራሉ። ሁልጊዜ ጥቂት ማጉደል ጥቂት ከማብዛት ይሻላል፤ ያነሰውን በሚቀጥለው ምግብ ሊሞሉት ይችላሉ፣ የበዛው ግን ተቅማጥ ሆኖ ይመጣል።

በአመጋገቡ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ስሕተት ሲሠራ አያለሁ፤ ግልገሉን እንደ ሕፃን በጀርባው አንጋልሎ ማጥባት። ግልገል ከእናቱ ሥር የሚጠባው በሆዱ ተኝቶ አንገቱን በትንሹ ቀና አድርጎ ነው፤ እርስዎም ፎጣ ላይ በሆዱ አስተኝተው እንዲሁ ያድርጉ። ከሲሪንጅ ይልቅ አነስተኛ ጡጦ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በጡጦ ግልገሉ ራሱ ይስባል፣ በሲሪንጅ ግን የሚገፋው የእርስዎ አውራ ጣት ነው። የጡጦውን ጫፍ ቀዳዳ ለመፈተን ጡጦውን ቢገለብጡት ወተቱ ቀስ ብሎ ጠብ ማለት አለበት እንጂ መፍሰስ የለበትም። ሲሪንጅ ከመጠቀም ሌላ አማራጭ ካጡ ጠብታ በጠብታ፣ እስኪውጥ እየጠበቁ ይስጡ። ትን ካለው ወዲያው አቁመው ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ አፍንጫውን ይጥረጉለት። ከዚያ በኋላ የሚያስለው ወይም ትንፋሹ የሚያጥረው ከሆነ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ጡጦው አይመለሱ። ሲጨርስ በትከሻዎ ላይ አድርገው ጀርባውን በሁለት ጣት መታ መታ በማድረግ ያስገሱት።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያልጠቀሱት አንድ ነገር አሳስቦኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ ግልገል በራሱ አይሸናም፣ አይጸዳዳምም። እናቱ ሆዱንና ከጅራቱ ሥር ያለውን ስፍራ ስትልሰው ነው ሽንቱና ሰገራው የሚወጣው። እርስዎ ምላስ የለዎትምና ለብ ባለ ውሃ በነከሩት ጥጥ በእያንዳንዱ ምግብ ጊዜ ያንኑ ስፍራ ሽንቱ እስኪያበቃ ድረስ ቀስ እያሉ ያብሱለት፤ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ይህን ይቀጥላሉ። ሽንት በየምግቡ ይጠበቃል፤ ሰገራ ግን በቀን አንድ ጊዜ ቢወጣ ይበቃል፤ ጤናማው ሰገራ ቢጫማ ቡናማና ለስላሳ ነው። በደንብ የጠባ ግልገል ሆዱ ተነፍቶ ሲያለቅስ ሰዎች ገና እንደራበው አድርገው ሌላ ጡጦ ሲሰጡት አይቻለሁ፤ የሚያስፈልገው ግን ጥጥ ነበር።

ተቅማጥ የያዘውን ግልገል ዛሬውኑ ለሐኪም ያሳዩት። 100 ግራም በሆነ ገላ ውስጥ ያለው ውሃ በሰዓታት ሊያልቅ ይችላል፤ ድዱ በጣትዎ ሲነኩት እርጥብ መሆን ሲገባው የሚጣበቅ ከሆነ ጊዜ የለዎትም። ለሰው የተሠራ የተቅማጥ መድኃኒት አይስጡት።

ሦስቱንም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በማዕድ ቤት ሚዛን ይመዝኑ፤ ውጤቱንም ይጻፉት። ድመት ስትወለድ 100 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚያ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር ይጠበቅባታል። ለአንድ ቀን ክብደቱ ያልጨመረ ግልገል ቢጠብም ቢጫወትም ጥርጣሬ ውስጥ ይግባ፤ ሚዛኑ ከዓይን ቀድሞ ያያል። እትብት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባለው ቀን ደርቆ ስለሚወድቅ የእርስዎ ግልገሎች ገና አንድ ሳምንት አልሞላቸውም፤ ዓይናቸው ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥ ይገለጣል፤ ጣትዎን አስገብተው ለመክፈት አይሞክሩ። እናታቸው ከመሞቷ በፊት አጥብታቸው ከነበረ እንገሩን ጠጥተዋል፤ እንገር በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 16 ሰዓታት ገደማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የበሽታ መከላከያ ስለሆነ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በአካባቢዎ የምታጠባ ድመት ካለች ደግሞ ከእርስዎም ከእኔም ከጡጦውም የተሻለች ናት፤ ብዙዎቹ የሌላን ግልገል ይቀበላሉ፤ ጤነኛ መሆኗን በሐኪም ካረጋገጡ በኋላ ከልጆቿ መኝታ ጨርቅ ጋር አሻሽተው ያቅርቧቸውና አጠገባቸው ሆነው ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ በግቢያችን አጥር ሥር ሦስት ግልገሎች አገኘሁ። እናታቸውን ከጠዋት ጀምሮ አላየኋትም። ላንሳቸው ወይስ ልተዋቸው?

መልስ፦ ይተዉአቸው፤ ግን ከሩቅ ሆነው ይጠብቁ። የምታጠባ ድመት ምግብ ፍለጋ ለብዙ ሰዓታት ትሄዳለች፤ ወይም መኖሪያ እየቀየረች ልጆቿን አንድ በአንድ እያመላለሰች ይሆናል፤ እርስዎ በአጠገባቸው ከቆሙ ደግሞ አትመጣም። ግልገሎቹ ንጹሕ፣ ሞቃትና ሆዳቸው የሞላ ሆኖ ተኝተው ከሆነ እናት አላቸው ማለት ነው። መጥታ እንደሄደች ለማወቅ ከፈለጉ በዙሪያቸው ጥቂት ዱቄት ነስንሰው ዱካዋን ማየት ይችላሉ። ቆሻሻ፣ ቀዝቃዛና እየጮኹ ከሆነ ወይም ውሻ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ከሆኑ ግን መጠበቁን ይተዉት። ሰው የነካውን ግልገል እናቱ ትጥለዋለች የሚለው አባባል እውነት አይደለም፤ ስለዚህ ተሳስተው ቢያነሱም ሊመልሷቸው ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የሦስት ሳምንት ግልገሎቼን ቁንጫ ወረራቸው። ለውሻዬ የገዛሁት የቁንጫ ጠብታ አለኝ፤ ጥቂት ባደርግላቸው ችግር አለው?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። ብዙዎቹ የውሻ ጠብታዎች ፐርሜትሪን ይይዛሉ፤ ይህ መድኃኒት ለውሻ የማይጎዳ ሆኖ ሳለ ትልቅ ድመትን እንኳ አንቀጥቅጦ ይገድላል። ግልገሎቹን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከአንገታቸው ጀምረው አንድ በአንድ ይጠቡ፤ ፊታቸው ላይ ውሃ አያድርሱ። ወዲያው በፎጣ አድርቀው ካሞቋቸው በኋላ ጥርሱ ጠባብ በሆነ ማበጠሪያ ቁንጫዎቹን እየለቀሙ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ይጣሉ። መኝታቸውንም በፈላ ውሃ ይቀቅሉ፤ እንቁላሉ ያለው እዚያ ነው። ድዳቸው ነጣ ያለ ከሆነ ቁንጫው ደማቸውን ጨርሶታል ማለት ስለሆነ ለሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ብቻውን ያሳደግኩት ግልገል አምስት ሳምንት ሞላው። የጡጦውን ጫፍ እያኘከ ይቆርጠዋል፤ ሳህን ላይ የማቀርብለትን ግን አይነካም። እጄንም ይነክሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጡጦውን ጫፍ ማኘኩ ጥርስ አብቅሎ ለምግብ መድረሱን ያሳያል፤ የተቆረጠውን ጎማ እንዳይውጥ ግን ይጠንቀቁ። ለግልገሎች የተዘጋጀውን ለስላሳ የድመት ምግብ በለመደው ምትክ ወተት አቅጥነው፣ ለብ አድርገው በዝርግ ሳህን ያቅርቡለት፤ በጣትዎ ጫፍ ከንፈሩ ላይ ጥቂት ይቀቡለት። ጭንቅላቱን ይዘው ወደ ሳህኑ አይድፉት፤ በአፍንጫው ይስበዋል። በበቂ ሁኔታ እስኪበላ ድረስ ጡጦውን በአንድ ጊዜ አይንጠቁት፤ ወተቱን በየቀኑ እያጎደሉ ምግቡን ያወፍሩ። ውሃም አጠገቡ ይኑር። የሚጸዳዳበት አሸዋ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉል ዓይነት አይሁን፤ በዚህ ዕድሜ ይቀምሱታልና።

ስለ መናከሱ፣ ግልገል የንክሻውን ልክ የሚማረው ከወንድሞቹ ነው፤ ሲበዛበት ወንድሙ ይጮኻል፣ ጨዋታውንም ያቆማል። እርስዎም ሲነክስዎት እጅዎን ከመጎተት ይልቅ ጨዋታውን ያቁሙና ይነሡ፤ በእጅዎ ፈንታ ገመድ ወይም ጨርቅ ያጫውቱት። በዕድሜው እኩያ የሆነ ሌላ ግልገል ቢያገኙለት ግን ከሁሉ ይበልጣል። የአንጀት ትል መድኃኒት ካልተሰጠው ዘግይቷል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የሚደገም ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮዎን ከአሁኑ ይያዙ።