ውዱ ክሬም ወይስ ርካሹ? ለጠየቁን እህት

ውድ እህታችን፣ ቆዳዎ እንደሚደርቅና ፀጉርዎ እንደሚሰባበር ገልጸው፣ «በውድ ብራንድና በርካሹ መካከል የእውነት ልዩነት አለ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በደረቅ ቆዳ ብዙ ዓመት የተቸገርኩ፣ ብራንድ በመቀያየርም ብዙ ገንዘብ ያባከንኩ ሰው በመሆኔ ያየሁትን ላካፍልዎ።

አንድ ቀን ሁለት የፊት ክሬሞችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ከጀርባቸው የተጻፈውን አነበብኩ። አንዱ በወፍራም ብልቃጥ፣ ሌላው በተራ ቱቦ የታሸገ ቢሆንም፣ በሁለቱም ላይ ከውሃ ቀጥሎ የሰፈረው ግሊሰሪን ነበር። ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት መጠኑ ከበዛው ወደ አነሰው ነው፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ አምራቹ እንደፈለገ ይደረደራሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተሳለው አበባ ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከሽቶው በኋላ ከተገኘ፣ ክሬሙ ውስጥ የገባው ለስሙ ያህል ነው።

የብራንዶቹ ፉክክርም ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ላንኮምና ጋርኒየር በዋጋ እጅግ ቢራራቁም ሁለቱም የሎሬያል ናቸው፤ ሴራቬንም ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ገዝቶታል። ደቭና ቫዝሊን ደግሞ የዩኒሊቨር ናቸው። ይህ ሲባል ሁሉም አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ በተለይ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ላይ የተጻፈው፣ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር (SPF) ተፈትኖ የተገኘ መሆን ስላለበት፣ እሱን ከማላውቀው አምራች አልገዛም።

ለደረቅ ቆዳ ግሊሰሪን ውሃ ስቦ ይይዛል፤ ሴራማይድ የሚባለው የቅባት ዓይነት የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ያጠናክራል፤ ቫዝሊን ደግሞ እርጥበቱ እንዳይተን ይከድናል እንጂ በራሱ ውሃ አይሰጥም። ዓመታት ሙሉ በደረቀ ቆዳ ላይ ስቀባው የኖርኩት ይህን ባለማወቄ ነበር። አሁን ከታጠብኩ በኋላ ቆዳዬ ገና ረጠብ እያለ እቀባለሁ፤ ለውጡ ከየትኛውም ውድ ክሬም በልጦብኛል። ሽቶ የበዛበት አንድ ሎሽን አንገቴን አሳክኮ ካቆሰለኝ ወዲህም፣ አዲስ ነገር ስገዛ በክንዴ መታጠፊያ ላይ ለጥቂት ቀናት ሳልሞክር ፊቴን አላስነካም።

ፀጉርን በተመለከተ፣ ከራስ ቅል የወጣው ክፍል ሕይወት ስለሌለው ኮንዲሽነር ያለሰልሰዋል እንጂ የተሰነጠቀውን ጫፍ መልሶ አያድነውም። ፀጉርዎን በመድኃኒት ያለሰልሳሉ? ከሆነ የሚሰባበረው አዲስ የበቀለው ካለሰለሱት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደሆነ ይመልከቱ፤ መድኃኒቱ ቀድሞ በለሰለሰው ላይ ተደርቦ ሲቀባ ፀጉሩ ይሳሳል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው ጠንካራ ማለስለሻ ኬሚካል «የለውም» የሚባለውም ቢሆን ኃይለኛ ነውና አዲስ ከበቀለው አያሳልፉት። ፀጉሩ ከሥሩ በክብ እየተመለጠ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሻምፑ ስላልሆነ የቆዳ ሐኪም ይዩት።

አሁን የሚጠቀሙበትን ክሬም ከጀርባው ፎቶ አንሥተው ቢለጥፉልን፣ ዝርዝሩን አብረን እናነበዋለን።