ታማኝ ፍሪላንስ ጸሐፊ ለምትፈልጊው እህት

«ለድረ ገጼ በየሳምንቱ የሚጽፍልኝ ታማኝ ፍሪላንሰር (በግሉ እየተዋዋለ የሚሠራ ጸሐፊ) ከየት ላግኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቦታው አያስጨንቅሽ፤ ፍሪላንሰርና አሠሪ በሚገናኙባቸው ድረ ገጾች፣ አፕወርክም ፋይቨርም ላይ፣ ጸሐፊ ሞልቷል። ጭንቁ ሌላ ነው። ናሙናውን የጻፈውና ያንቺን ሥራ የሚጽፈው አንድ ሰው መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?

1. በናሙና ብቻ አትቅጠሪ። ናሙናቸው ካማረሽ ጸሐፊዎች ውስጥ ለሁለት ሦስቱ በራስሽ ርዕስ አጭር ሙከራ ስጪ። ከፍለሽ ነው ታዲያ! ሰውን በነፃ አጽፎ መጥፋት ነውር ነው። ጎበዞቹም ነፃ ሙከራ ሲባሉ ጥለው ይሄዳሉ።

2. ሥራው ጎግል ዶክስ ላይ ይጻፍ። ጽሑፉ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተጻፈ የሚያሳየውን የለውጥ ታሪክ እንድታዪ የማረም ፈቃድ ይስጥሽ። ይህን አጥብቄ የምልሽ በእኔ ስለደረሰ ነው። ስሙን በማልጠራው ፕላትፎርም (እንደ አፕወርክ ባለ የቅጥር ድረ ገጽ) ላይ አንድ ጸሐፊ ቀጠርኩ። ናሙናው ግሩም፣ አስተያየቱ ሁሉ ምስጋና። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጥሩ መጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ፈጽሞ የእሱ አይመስሉም። አንዱማ የደንበኛዬን ዕቃ በተፎካካሪው ስም ጠርቶት ቁጭ! ለካ ሰውዬው በርካሽ ሌላ ሰው እያጻፈ ኖሯል። ለድጋፍ ክፍሉ ማስረጃ አያይዤ አመለከትኩ። «በጥራት አለመግባባት ውስጥ አንገባም» የሚል ለሁሉም የሚላክ መልስ ልከው ጉዳዩን ዘጉት። እኔ ስለ ጥራት መች አወራሁ? የጻፈው ሌላ ሰው ነው ነው ያልኩት። አንብበው እንኳ አልመለሱልኝም። እስካሁን ያበግነኛል።

ስለዚህ «ሥራውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይቻልም» የሚለው ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስፈር። ከተጠራጠርሽም ደውለሽ ጽሑፉ ላይ የተጠቀመበትን ምንጭ ለምን እንደመረጠ ጠይቂው። ራሱ የጻፈ ሰው ሳያመነታ ያስረዳሻል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ይሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንለያለን የሚሉትን መሣሪያዎች ይዘሽ ግን ሰው አትክሰሺ። የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከአገልግሎት አንስቶታል። ንጹሕ ሰው እንጀራው ላይ አትቁሚበት።

3. «ከፕላትፎርሙ ውጪ ክፈይኝ» የሚልሽን ወዲያው ተሰናበቺው። ሥራውን ከፋፍለሽ የየደረጃውን ገንዘብ ፕላትፎርሙ ዘንድ አስይዢ፤ ለጸሐፊው የሚለቀቀው ሥራው ሲጸድቅ ነው። ሲያስረክብሽ ደግሞ ቶሎ እይው! አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ የተሰጠ ሥራ ቀርቦልሽ 14 ቀን ዝም ካልሽ ክፍያው በራሱ ይለቀቃል። ፋይቨር ላይማ 3 ቀን ብቻ ነው።

አሁን አብረውኝ የሚሠሩት ጸሐፊዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። ዋጋቸው ከርካሾቹ ይበልጣል፤ ግን የላኩትን ብዙ ጊዜ ሳልነካ ነው የማወጣው። እኮራባቸዋለሁ። የሥራ ማስታወቂያሽን ከመለጠፍሽ በፊት እዚህ አምጪውና አብረን እንየው።