ጤና መድህን አይቪኤፍ ይሸፍናል ወይ? ከጎንደር ለጠየቅሽው እህቴ

«የማህበረሰብ ጤና መድህን ደብተር አለን፣ ባለቤቴም መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ገብቶለታል፤ ለአይቪኤፍ ይከፍሉልናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለአይቪኤፉ (እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ፅንሱን ማህፀን ውስጥ ለሚያስገባው ሕክምና) ደብተሩ አይከፍልም፣ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፣ ቁርጡን እወቂው። ግን ሌላ የሚከፍሉት ብዙ አለ፣ እሱን እንዳትለቂ።

1. መጀመሪያ ባልሽ ይመርመር። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሕመም የለውም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ይሂድ። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ላይ የወንዱም ችግር አለበት። እኛ አገር የምትንከራተተው ግን ሴቷ ብቻ ናት።

2. ደረሰኝ ለየብቻ አስቆርጪ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) ነበረብኝ፣ ደም እየፈሰሰኝ አቅም አጥቼ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። የግል ክሊኒኩ ገንዘብ ተቀባይ ግን አልትራሳውንዱን፣ ኦፕራሲዮኑን፣ መድኃኒቱን ሁሉ ጠቅልላ «የመካንነት ሕክምና» ብላ በአንድ ደረሰኝ ቆረጠችው። ኢንሹራንሱ ቢሮ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወረቀቱን በመስኮቱ ገፋ አደረገልኝ። «መካንነት አይሸፈንም» አለ። ደም ሲፈሰኝ ነው የታከምኩት ስለው «ልጅ ፈልገሽ አይደል?» አለኝ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። ፊቴ እንዴት እንደነደደ! ግን አልተውኩትም። ሐኪሜ ማዮማ፣ ደም መፍሰስና ደም ማነስ ብሎ እውነቱን በሕክምና ማስረጃ ጻፈልኝ። ክሊኒኩም ደረሰኙን በየዓይነቱ ለይቶ ሰጠኝ። ውሉን ይዤ ሄጄ የማይሸፈኑት የተዘረዘሩበትን ገጽ ኃላፊው ፊት ዘረጋሁት። ማዮማ የት አለ? የለም። የኦፕራሲዮኑን ከፈሉ! ለመካንነቱ ምርመራ ያወጣሁት ግን በዚያው ቀረ።

በደብተርሽ ስትታከሚ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሪፈር ሳትይዙ ቀጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት። ኢንፌክሽንም ሆነ ማዮማ ከተገኘብሽ በሕመሙ ስም ይጻፍ።

አይቪኤፉን በመንግሥት ደረጃ የጀመረው አዲስ አበባ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፣ በ2011 ዓ.ም.። በግል አንዱ ሙከራ በመቶ ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ዋጋ ሲነግሩሽ መርፌው፣ ማደንዘዣውና ፅንስ ማቀዝቀዣው ገብቶበት እንደሆነ ጠይቂ፣ የመርፌው ዋጋ ብቻውን ያደክማል። እንቁላል የሚያሳድገው መርፌ ከ10 እስከ 14 ቀን አካባቢ ይወሰዳል፣ በመሃል ደግሞ ለአልትራሳውንድ ትመላለሻለሽ። ስለዚህ ዘመድ ቤት ካላረፍሽ የአልጋውንም አስቢ። ማረፊያሽ ፍሪጅ ይኑረው፣ አንዳንዱ መርፌ ቅዝቃዜ ይፈልጋል።

ጠበሉንም አትተዪ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጪ። የማስረጃው አጻጻፍ ካስፈለገሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ የራሴን ማስረጃ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ስትሄጂ ውሉን ይዘሽ ሂጂ፣ ባልሽም አብሮሽ ይሂድ።